«ልብሽ ደህና ነው»፦ ለልጅ ኤችአይቪ እንዳለበት መንገር ለምን ይከብዳል?

ብልቃጡ ላይ የነበረው ወረቀት የለም። በጥፍር ተፍቆ ተነስቷል። የቀረው ሙጫ አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ክዳኑን ስትከፍቱት ከክኒኑ በላይ ጥጥ ተጠቅጥቋል። ጥጡ ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ታክሲ ውስጥ ቦርሳው ሲነቃነቅ ክኒኑ እንዳይንኳኳ ነው። ያንን ድምፅ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቢቀመጥስ?

ብልቃጡ የአንዲት የማውቃቸው አያት ነው። የልጅ ልጃቸው 11 ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየቀኑ መድኃኒት ትወስዳለች። ምን እንዳለባት ግን አታውቅም። «የልብ ነው» ተብላለች። ስለዚህ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። መምህሩ «ሩጪ» ሲላት «ልቤን ያመኛል» ትላለች። ልቧ ምንም አልሆነም።

እሷ ቤት የልብ ሆነ እንጂ ሌላው ቤት የቶንሲል ነው፣ የአስም ነው፣ የደም ማነስ ነው። «ቫይታሚን ነው፣ ቶሎ እንድታድጊ» የሚባልም አለ። ኤችአይቪ በደሙ ያለበትን ልጅ የሚያሳድግ ሰው አንድ ቀን «ይሄ መድኃኒት የምንድን ነው?» መባሉ አይቀርም። ያኔ አፍ ላይ የመጣው መልስ ነው ዓመታት የሚቆየው። ጤና ባለሙያዎች ጉዳዩን «ዲስክሎዠር» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ መንገር፣ ማሳወቅ ነው።

ስድስት የት፣ አስራ አራት የት

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሚወስዱ 390 ልጆችና በአሳዳጊዎቻቸው ላይ የተሠራ ነው። ከልጆቹ መካከል ምን እንዳለባቸው የሚያውቁት 68 ብቻ ነበሩ። 17.4 በመቶ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ትንንሾች ስለነበሩ ቁጥሩ ለብቻው ብዙም ላያስደነግጥ ይችላል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። ከአሳዳጊዎቹ 46.2 በመቶ የሚሆኑት፣ ልጅ ሊነገረው የሚገባው ከ14 ዓመት በላይ ሲሆን ነው ብለዋል።

በዚያው በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ላይ መመሪያ አወጣ። ለትምህርት የደረሰ ልጅ፣ ማለትም ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ፣ ኤችአይቪ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል ይላል። ከዚያ በታች ላሉት ደግሞ እንደ አእምሯቸውና እንደ ስሜታቸው አቅም ጥቂት በጥቂት።

በመመሪያውና በአሳዳጊው መካከል ያለውን ይሄን ክፍተት ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ እጥረት» እያልን እናልፈዋለን። እኔ አልስማማም። አያትየው ስለ መድኃኒቱ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ሰዓቱን አያሳልፉም፣ ቀጠሮ አይረሱም። ያስቸገራቸው አለማወቅ አይደለም። የልጅቷ ምስጢር ብቻውን አለመሆኑ ነው። በሌላ ሰው ምስጢር ተጠቅልሏል። አንዱን ስትፈቱት ሌላው አብሮ ይፈታል።

«ልጅ አፉ አያርፍም»

አሳዳጊዎችን ለምን እንዳልነገሩ ጠይቋቸው። መጀመሪያ የሚመጣው ይሄ ነው። ልጅ ነው፣ ያወራል።

ፍርሃቱ ቅዠት አይደለም። ግቢው አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው አንድ የሆነበት ሰፈር አስቡ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት አስቡ። ወሬው አንድ ጊዜ ከወጣ ደንበኛ ይሸሻል። አከራይ «ቤቱን ለዘመድ ፈልጌው ነው» ይላል። ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ አብረው ይቆርሱ የነበሩ ልጆች ዕቃቸውን ይዘው ፈቀቅ ይላሉ። ኤችአይቪ በእንጀራ፣ በምሳ ዕቃ፣ በመጸዳጃ ቤት እንደማይተላለፍ ሁሉም ሰምቷል። ሰምቶም ፈቀቅ ይላል። ለእናትየው «መገለል የለም፣ አትፍሪ» ማለት እሷ የምትኖርበትን ሰፈር አለማወቅ ነው።

ግን እዚህ ላይ አንድ የተገላቢጦሽ ነገር አለ። አፉን የማይጠብቀው የማያውቀው ልጅ ነው። ምን እንደያዘ የማያውቅ ልጅ የሚደብቀው ነገር የለውም። «እኔ ሁልጊዜ ማታ ማታ ክኒን እውጣለሁ፣ አክስቴ ሆስፒታል ትወስደኛለች» ብሎ ለክፍል ጓደኛው በኩራት ያወራል። የክፍል ጓደኛው ለእናቱ ያወራል። እናትየው ደምራ ቀንሳ ትደርስበታለች።

«ከየት መጣብኝ?»

ሁለተኛውን ፍርሃት ሰው ቶሎ አያወጣውም። ለወላጅ እናት ግን ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። ለልጇ መንገር ስለ ራሷ መናገር ነው። ምናልባት ለባሏ እንኳ አልነገረች ይሆናል። ምናልባት ባሏ ነው ያልነገራት። ልጁ «ከየት መጣብኝ?» ሲል የምትመልሰው ባዮሎጂ ብቻ አይደለም፣ ትዳሯንም ነው።

ባዮሎጂው ራሱ ከባድ አይደለም። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል። ምንም ሕክምና ካልተደረገ ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። እናትየው መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ኢትዮጵያ ቫይረሱ ያለባትን ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያው የዕድሜ ልክ መድኃኒት ማስጀመር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሳትመረመር ቤቷ የወለደች አለች። በእርግዝናዋ ነፃ ተብላ በኋላ፣ እያጠባች የተያዘችም አለች። አብዛኛዋ እናት ሳታውቅ ነው ያስተላለፈችው።

ችግሩ ልጁ ስለ ኤችአይቪ ሌላ ቦታ የተማረው ሌላ መሆኑ ነው። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ምን ተጽፏል? መታቀብ፣ አንድ ለአንድ መወሰን፣ በኮንዶም መጠቀም። ለ12 ዓመት ልጅ መልእክቱ አጭር ነው፤ ኤችአይቪ የባለጌ በሽታ ነው። ስለ መወለድ የሚያወራ ፖስተር ብዙም አይታይም። ስለዚህ ልጁ ወይ «እኔ ምን አድርጌ?» ይላል፣ ወይ እናቱን በሌላ ዓይን ያያል። እናትየዋ ይሄ ነው የሚያስፈራት፣ ልክም ናት። መፍትሔው ታዲያ ልጁ ከግድግዳው ከመስማቱ በፊት ከእሷ መስማቱ ነው። «እኔም አለብኝ። ሳላውቅ ነው፣ አንተ ስትወለድ ነው የያዘህ። እኔም እንዳንተው መድኃኒቴን እወስዳለሁ።» ከዚህ በላይ ብዙ አይፈልግም። የትዳሩን ታሪክ በዚያ ቀን መዘርገፍ አያስፈልግም።

ልጁ ይቆጣ ይሆን? ሊቆጣ ይችላል። ሳምንት የሚያኮርፍ አለ፣ ወር የሚያኮርፍም አለ። ኩርፊያው አልፎ ግን አብረው በአንድ ሰዓት መድኃኒት የሚወስዱ እናትና ልጅ ብዙ ናቸው።

የእኛ ምስልና የእነሱ ምስል

«ትሰበራለች። ራሷን ትጎዳለች።» አያትየው ይሄንን ሲሉ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል።

ቃሉን ሲሰሙ የሚያዩት ምን እንደሆነ አስቡት። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች የታወቁት በ1986። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 (በእኛ 1997 ዓ.ም.) ነው። በመሃል ወደ ሃያ ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት የአንዱ ቤት ድንኳን ሳይነቀል ለሌላው ይተከል ነበር። የእድር ጡሩንባ አያርፍም። አያትየው መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም የገዛ ልጃቸውን ቀብረዋል። እሷ መያዟን ስታውቅ ረፍዶ ነበር። ለእሳቸው የበሽታው ስምና የልጃቸው ስም አንድ ነው።

የልጅ ልጃቸው ግን ያንን ምስል የላትም። ጡሩንባውን አልሰማችም። እሷ የምታውቀው በቀን አንዴ የምትውጠውን ክኒን ነው። ቃሉ ስትሰማው የሚከብዳት በራሱ በቃሉ አይደለም። የሚነግራትን ሰው ፊት አይታ ነው። ለዚህ ነው ብዙ አማካሪዎች ከልጁ በፊት ከአሳዳጊው ጋር ደጋግመው የሚቀመጡት። መጀመሪያ የሚለቀሰው እዚያ ነው፣ ልጁ በሌለበት።

ሌሎች አስተያየቶችም አሉ። አክስት ወይም ታላቅ እህት ስታሳድግ «ይሄ የእኔ ድርሻ አይደለም» ትላለች። ከዘመድ ግማሹ ይነገረው፣ ግማሹ አይነገረው ይላል። ሳይነገራት በፊት በጸበል ይነጻላታል ብለው የሚጠባበቁም አሉ። ጸበሉን የሚከለክል የለም፣ መድኃኒቱ እስካልተቋረጠ ድረስ።

ዝም ሲባል የሚሆነው

ልጆች ሳይነገራቸው ይደርሱበታል። ማንበብ የቻለ ልጅ የሕክምና ክፍሉን በር ጽሑፍ ያነባል። ተራ ሲጠብቅ የግድግዳውን ፖስተር ያነባል። ከብልቃጡ ላይ የተፋቀው ወረቀት ራሱ ጥያቄ ነው፤ ማን የአስም መድኃኒት ስም ይፍቃል? ትልቁ ደግሞ ስልኩ ላይ የመድኃኒቱን ስም ጽፎ በሦስት ሰከንድ ይደርስበታል። ከዚያ እሱም ዝም ይላል። ቤቱ ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያወራም።

ያልደረሰበት ልጅ ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳል። «የቶንሲል ነው» የተባለች የ13 ዓመት ልጅ ቶንሲሏን ካመማት ሦስት ዓመት ሆኗል እንበል። መድኃኒቱን ብታቆም ምን ያስገርማል? በተነገራት መሠረት ትክክል አስባለች። ክኒኑን ፍራሽ ሥር ትከታለች፣ ሽንት ቤት ትጥላለች።

ይሄ ለምን አደገኛ እንደሆነ ላስረዳ። ቫይረሱ የሚባዛው ራሱን እየገለበጠ ነው። ሲገለብጥ ይሳሳታል፣ ብዙ ዓይነት ቅጂ ይወጣዋል። መድኃኒቱ በየቀኑ ደም ውስጥ ካለ መባዛቱ ይታፈናል። አንድ ቀን ተወስዶ ሁለት ቀን ሲዘለል ግን የመድኃኒቱ መጠን ይቀንሳል፣ ቫይረሱም እንደገና መባዛት ይጀምራል። ከቅጂዎቹ መካከል ያንን መድኃኒት የሚቋቋም ከተገኘ የሚተርፈውና የሚበዛው እሱ ነው። ያኔ መድኃኒቱን በትክክል ብትወስድም ላይሠራላት ይችላል። «ቫይራል ሎድ» የሚባለው የደም ምርመራ የሚያሳየው ቫይረሱ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደበዛ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 ቅጂ በላይ ከታየ ባለሙያዎቹ «መድኃኒቱን እየወሰደች ነው?» ብለው አጥብቀው ይጠይቃሉ። አያትየው «በእጄ ነው የምሰጣት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ፍራሹን አላነሱትም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል። የድሮው የሕፃናት ሲሮፕ በጣም መራራ ነበር። ልጆቹ እየተፉ «ለምንድን ነው የምወስደው?» ብለው ይጮሁ ነበር። አሁን ዶሉቴግራቪር የሚባለው የልጆች ክኒን ውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ የእንጆሪ ጣዕምም አለው። ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ልጁ በመራራነቱ የተነሳ ይጠይቀው የነበረውን ጥያቄ አዘገየው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ታዲያ እንዴት ይነገራል?

በአንድ ቀን አይደለም። ትልቁ ስህተት መንገርን እንደ መርዶ ማሰብ ነው። ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ የሚረዳ ነገር አድርጎ።

በአምስት፣ በስድስት ዓመት የበሽታው ስም አያስፈልግም። «ደምሽ ውስጥ የሚጠብቁሽ ወታደሮች አሉ። ክኒኑ ወታደሮቹን ያጠነክራል።» ይሄ ውሸት አይደለም። ወታደሮቹ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ሰባት፣ ስምንት ሲሞላት አንድ ነገር ይጨመራል። «ደምሽ ውስጥ አንድ ተንኮለኛ ጀርም አለ። ክኒኑን ስትወስጂ ይተኛል። ስትረሺ ይነቃል።» አሁን ለምን በየቀኑ እንደምትወስድ ገባት። ስሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ታሪኩን አስቀድማ ስለምታውቀው። «ያ የሚተኛው ጀርም ስሙ ኤችአይቪ ነው።» ትናንት ያልነበረ ነገር አልመጣባትም። የምታውቀው ነገር ስም አገኘ እንጂ።

ውሸት ቀድሞ ለገባበት ቤት ግን ሌላ ደረጃ አለ። ውሸቱን ማንሳት ያስፈልጋል። አያትየው ይሄንን ነበር የፈሩት። ልጅቷን የምትከታተለው ሲስተር ከሦስት ቀጠሮ በኋላ «እማማ፣ የበሽታውን ስም ዛሬ አንናገርም። የልቡን ብቻ እናንሳ» አለቻቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን እየጠቀለሉ፣ እየፈቱ፣ እየጠቀለሉ ቆዩ።

«የኔ ልጅ፣ ልብሽ ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። ፈርቼ ነው።»

ልጅቷ ዝም አለች። ከዚያ ሲስተርዋን አየቻት።

«ታዲያ መሮጥ እችላለሁ?»

ሁላችንም የፈራነው ሌላ ጥያቄ ነበር።

ስሙ የተነገራት ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ያኔ የተፈራው ጥያቄ መጣ፤ «እማዬ በዚህ ነው የሞተችው?» አያትየው «አዎ። ስታውቅ ረፍዶ ነበር። ላንቺ ግን በጊዜ ደርሰናል» አሉ። ይሄንን መልስ ከሲስተርዋ ጋር ተለማምደውታል። ሲናገሩት ግን የተለማመዱት አይመስልም ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ልጁ ታሞ በተኛበት፣ ቤት ውስጥ ጠብ በተነሳበት፣ ፈተና በደረሰበት ሳምንት አይሆንም። ከሁሉም የሚከፋው በንዴት የሚወጣው ነው። «ያንን መርዝህን ይዘህ…» ብሎ የጀመረ ሰው መልሶ ሊውጠው አይችልም። ቀን ላይ፣ አሳዳጊው ቀሪውን ሰዓት አብሮ በሚውልበት ዕለት ቢሆን ይመረጣል። ማን ይንገረው ለሚለው፣ እኔ በአሳዳጊው አፍ ቢወጣ እመርጣለሁ። ባለሙያው አጠገብ ይቀመጥ፣ ሲደናቀፍ ያንሳ። ከአሳዳጊው ጀርባ የሚነግር ባለሙያ ግን ልጁን ቤት ሲገባ ብቻውን ነው የሚያስቀረው።

ከዚያ የአፍ ጉዳይ ይመጣል። «ለሰው ከተናገርሽ ወዮልሽ» ማለት ቀላል ነው። ልጅቷ ግን የሚገባት የሚያሳፍር ነገር እንዳለባት ነው። ሲስተርዋ በጣት አስቆጠረቻት። ማን ማን ያውቃል? አያትሽ፣ አጎትሽ፣ እኔ፣ ዶክተሩ። ስለዚህ ነገር ማውራት ስትፈልጊ ለእነዚህ ታወሪያለሽ። ለሌላ ሰው መንገር ብትፈልጊ መጀመሪያ ከእነሱ አንዱን ትጠይቂያለሽ። የሚያፍሩበት ነገርና የራስ ጉዳይ ይለያያሉ። ልጅም ልዩነቱ ይገባዋል። የደመወዛችሁን ልክ ለጎረቤት አትናገሩም፤ ስለምታፍሩበት አይደለም።

ነገሩ በዚያ አያልቅም። ጥያቄው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽንኩርት ሲላጥ ይመጣል። በ15 ዓመት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይሆናል። ማግባት እችላለሁ? ልጅ መውለድስ? እዚህ ላይ አሳዳጊ አፍሮ ዝም ይላል። ዝም የሚባልበት ምክንያት ግን የለም። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ለዓመታት የተከታተለ የአውሮፓ ጥናት፣ ቫይረሱ ከታፈነበት ሰው ወደ አጋሩ አንድም መተላለፍ አላገኘም። ነፃ ልጅ መውለድም ይቻላል። ይሄ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ከወታደሩ ተረት ይልቅ የሚጠቅመው እውነት ነው።

ባለፈው እነ አያትየው ቤት ሄጄ ነበር። አዲሱ ብልቃጥ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ወረቀቱ አልተፋቀም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በስፖርት ጫማ ላብ በላብ ሆና ገባች። በማግስቱ ከአያቷ ጋር ገጠር ዘመድ ጥየቃ ስለሚሄዱ ቦርሳ እያዘጋጁ ነበር። ብልቃጡን አወረደች፣ ነቅነቅ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠችው። ከዚያ ከመሳቢያው ጥጥ አውጥታ ራሷ ጠቀጠቀችበት።